የመኖ መጋዘኑ ሂሳብና የሚጠረገው ኮምፒውተር፦ የአንድ ኤጀንት የጉዳይ ጥናት

የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ከሚነሳበት ከቱሉ ዲምቱ ትንሽ ገባ ብሎ የዶሮና የከብት መኖ የሚያከፋፍል መጋዘን አለ። ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ በቆሎ፣ የተዘጋጀ የዶሮ መኖ ይሸጣል። ደንበኞቹ አብዛኞቹ ቢሾፍቱ አካባቢ ዶሮ የሚያረቡ ናቸው፤ ከአቃቂና ከገላን የሚመጡም አሉ። አይሱዙ ይመጣል፣ ይጫናል፣ ይሄዳል። ገንዘቡ ግን ከጭነቱ ጋር አይመጣም። ከፊሉ በባንክ ይገባል፣ ከፊሉ በቴሌብር፣ የቀረው ዱቤ ነው። የከፈለ ሰው የደረሰኙን ስክሪንሾት በቴሌግራም ይልካል። አንዳንዱ ሰንበትበት ብሎ ይልካል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ይረሳዋል።

ወሩ ሲያልቅ ታዲያ የሂሳብ ሠራተኛዋ እነዚህን ሁሉ ታስታርቃለች። የባንኩ መግለጫ በፈረንጆች ቀን ነው። የመጋዘን ኃላፊው የሽያጭ መዝገብ በእኛ ቀን ነው። የቴሌብሩ ዝርዝር የራሱ ቅርጽ አለው። አንዱን መስመር ከሌላው ጋር እያገናኘች ቅዳሜና እሁዷን ትጨርሳለች።

ይህ ጽሑፍ ያን ሥራ ለኤአይ ኤጀንት (የታዘዘውን ሥራ ደረጃ በደረጃ ራሱ ለሚሠራ ፕሮግራም) ለማሸከም የተደረገውን ሙከራ ይተርካል። ሥራውን የጀመረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ወጣት ፕሮግራመር ነው። እኔ የገባሁት መሃል ላይ፣ ሥራው ከላፕቶፕ ወደ ክላውድ (በኢንተርኔት ወደሚከራይ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር) ሲዛወር ነው። የመጋዘኑን ስም አልጠቅስም። ባለቤቱ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው፣ ጉዳዩ እንዲጻፍ የፈቀዱት በዚህ ተስማምተን ነው።

ለምን ላፕቶፑ ላይ አልቀጠለም

በመጀመሪያ ኤጀንቱ የሚሠራው በሂሳብ ሠራተኛዋ ላፕቶፕ ላይ ነበር። ፋይሎቹን አንድ ፎልደር ውስጥ ታስቀምጣለች፣ የምትፈልገውን በአማርኛ ትጽፍለታለች፣ እሱ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮድ ጽፎ ያስኬዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሞዴሉ፣ ማለትም የኤጀንቱ አንጎል የሆነው ኤአይ፣ ራሱ ምንም ኮድ አያስኬድም። የሚያወጣው ጽሑፍ ብቻ ነው። ያን ጽሑፍ ተቀብሎ የሚያስኬደው ሌላ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ውጤቱን ለሞዴሉ መልሶ ይሰጠዋል፣ ሞዴሉም አይቶ ቀጣዩን ኮድ ይጽፋል። እንዲህ እየተቀባበሉ ሥራው ያልቃል። ስለዚህ ስለ ሞዴሉ ጉብዝና ከመጨነቅ በፊት አንድ ነገር መጠየቅ አለበት፦ የጻፈው ኮድ የማን ማሽን ላይ ነው የሚሮጠው?

መልሱ «የሂሳብ ሠራተኛዋ ላፕቶፕ ላይ» ነበር። አንድ ቀን ከሽያጭ ፋይሉ ውስጥ የተደጋገሙ መስመሮችን እንዲያወጣ ታዘዘ። አወጣ። ውጤቱንም በዚያው ስም፣ በዚያው ፎልደር አስቀመጠው። ዋናው ፋይል በላዩ ላይ ተጻፈበት ማለት ነው። ከወጡት መስመሮች መካከል ደግሞ እውነተኛ ሽያጮች ነበሩ። በአንድ ቀን ሁለቴ መጥቶ ተመሳሳይ ኩንታል የጫነ ደንበኛ በኮዱ ዓይን ድግግሞሽ ነው። ሂሳብ ሠራተኛዋ ፍላሽ ላይ ቅጂ የመያዝ ልማድ ስላላት ነው ነገሩ በሰላም ያለፈው።

ላፕቶፑ ውስጥ የሠራተኞች ደመወዝ አለ። የግብር ሰነድ አለ። ብራውዘሩ የይለፍ ቃሎችን ያስታውሳል። ሞዴሉ የጻፈው ኮድ የሚሮጠው በእሷ ፈቃድ ስለሆነ እሷ የምትከፍተውን ሁሉ ይከፍታል። ይህ የሚያስፈራው ኤጀንቱ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ትጉ ስለሆነ ነው።

ሳንድቦክሱ

ሳንድቦክስ ከሌላው ተነጥሎ የሚነሳ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ክላውድ ላይ በአገልግሎት መልክ ሲቀርብ ማሽኑን የሚያስነሳው፣ የሚጠብቀውና የሚያጠፋው አቅራቢው ነው። አንተ በኤፒአይ (ፕሮግራም ከፕሮግራም ጋር በሚነጋገርበት መንገድ) ትከፍተዋለህ፣ ፋይል ትልክለታለህ፣ ኮድ ታስኬድበታለህ፣ ውጤቱን ትወስዳለህ፣ ትዘጋዋለህ። ከመከፈት እስከ መዘጋት ያለው ዕድሜ ሴሽን ይባላል። ነገሩ የፔንሲዮን ክፍል ነው፤ ቁልፉን ስትመልስ ረስተህ የተውከው ሁሉ ተጠርጎ ክፍሉ ለሌላ እንግዳ ይዘጋጃል።

መነጠሉ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል፤ አቅራቢ ስትመርጥ ልዩነቱ ያለው እዚያ ነው። ተራ ኮንቴነር (ፕሮግራምን ለብቻው የሚያስኬድ ክፍልፋይ) የሊኑክስን ከርነል፣ ማለትም የሥርዓተ ክወናውን እምብርት፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ይጋራል። ከርነሉ ላይ ቀዳዳ ከተገኘ ከአንዱ ኮንቴነር ወደ ሌላው መሻገር ይቻላል። ማን እንደጻፈው ለማይታወቅ ኮድ ይህ አይበቃም። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2018 ለሕዝብ የለቀቀው ፋየርክራከር ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ ከርነል ያለው ጥቃቅን ቨርቹዋል ማሽን ያስነሳል። ማሽኑ የሚነሳው በ125 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ ለራሱ የሚወስደው ሜሞሪ ከ5 ሜጋባይት በታች ነው። ጉግል በዚያው ዓመት የለቀቀው ጂቫይዘር ሌላ መንገድ ይዟል፦ በኮዱና በከርነሉ መሃል ቆሞ ኮዱ ለከርነሉ የሚያቀርባቸውን ጥያቄዎች ራሱ ይመልሳል። ከኤጀንቱ ጋር ለሚደረግ ለአንድ ንግግር አንድ ሙሉ ኮምፒውተር መስጠት የሚያዋጣ የሆነው ማሽን ማስነሳት እንዲህ ቀላል ስለሆነ ነው።

ለቱሉ ዲምቱ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ሥራው የሚሠራው ክላውዱ ላይ ስለሆነ ከመጋዘኑ የሚወጣው ትንሽ ፋይልና ጽሑፍ ብቻ ነው። ዋይፋዩ ሲያንገራግር የስልክ ዳታ ይበቃል። ያረጀው ላፕቶፕም ከእንግዲህ አይንተከተክም።

መብራት የሄደ ቀን

ሳንድቦክሱ ከተገጠመ በኋላ ነገሩ ለጥቂት ጊዜ በጥሩ ሁኔታ ሄደ። ከዚያ መብራት ሄደ።

ጠዋት ነው። ሂሳብ ሠራተኛዋ የወሩን ፋይሎች ጭናለች፣ ኤጀንቱ አጽድቷቸዋል፣ «የጸዳውን ፋይል አስቀምጫለሁ፣ አሁን ከባንኩ ጋር ላገናኘው?» ብሏል። በዚህ መሃል መብራቱ ጠፋ፣ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። ላፕቶፑን ዘግታ ምሳ ወጣች።

ክላውዱ ያለው ማሽን መብራት አልጠፋበትም። ግን የሚያናግረው ሰው አጣ። ሥራ ፈት ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ሲሞላ ተዘጋ፤ ውስጡ የነበረው ፋይልም አብሮ ሄደ። ይህ ብልሽት አይደለም፣ የአገልግሎቱ ጠባይ ነው። በኦፕንኤአይ የኮድ ማስኬጃ ኮንቴነሩ 20 ደቂቃ ሳይነካ ከቆየ ያበቃለታል። ኤጀንትኮር በሚባለው የአማዞን አገልግሎት የኮድ ሴሽን ሌላ ካልተነገረው 15 ደቂቃ ነው፣ እስከ 8 ሰዓት ማራዘም ይቻላል። ሁሉም የራሱ ቁጥር አለው፣ ለዘላለም ይቆያል ብሎ መተማመን ግን አያዋጣም።

ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ላፕቶፑ ላይ ያለው ቻት እንዳለ ነው፣ የጠዋቱ ንግግር ሁሉ ይታያል። «ቀጥል» አለችው። የእኛ ፕሮግራም አሮጌው ሴሽን መዘጋቱን አይቶ ድምፁን አጥፍቶ አዲስ ከፈተ። ኤጀንቱ የጸዳውን ፋይል ልክፈት አለ። ፋይሉ አልተገኘም የሚል ስህተት ተመለሰለት።

አሁን የሚሆነውን ልብ በሉ። ኤጀንቱ ቆሞ «ፋይሉ የለም» ማለት ይችል ነበር። አላለም። ጠዋት ፋይሉን ሲያይ የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ቻቱ ላይ አትሟቸው ነበር። እነሱን ለቅሞ ሰንጠረዥ ሠራ፣ ሰንጠረዡን ፋይል አደረገው፣ ሥራውን ቀጠለ። ያማረ ማጠቃለያም ጻፈ፤ የገባ ገንዘብ ይህን ያህል፣ ያልተከፈለ ይህን ያህል። መሃል ላይ «ካለው መረጃ በመነሳት» የምትል ሐረግ ጣል አድርጓል። ማን ያነባታል?

ያነበበችው እሷ ናት፣ ግን ሐረጓን አይደለም። ቁጥሩን አየችና «የቢሾፍቱዎቹ የታሉ?» አለች። ከዚያ ፕሮግራመሩን ጠርታ «አንተ ና እስቲ፣ ይሄ ወር ሙሉ የሸጥነው ነው? አንድ አይሱዙ እንኳ አይሞላም» አለችው። የመዝገቡ የመጀመሪያ መስመሮች የወሩ የመጀመሪያ ቀናት ናቸው። የቢሾፍቱ ደንበኞች ደግሞ ብዙውን የሚጭኑት ወሩ ሲጋመስ ነው።

ጉዳዩን ለጋሼ ስናስረዳ የከበደን አንድ ነጥብ ነው። ንግግሩና ማሽኑ ሁለት የተለያየ ዕድሜ አላቸው። ንግግሩ ላፕቶፑ ላይ ይኖራል። ማሽኑ ይሞታል። ሞዴሉ የሚያየው ንግግሩን ብቻ ስለሆነ ማሽኑ መለወጡን በራሱ አያውቅም፤ ካልተነገረው ጠዋት ያስቀመጠው አሁንም ያለ ይመስለዋል። ብዙ ሰው ኤጀንት ሲሳሳት ወደ ሞዴሉ ይጮኻል። እዚህ ግን የተሳሳተው በሁለቱ መሃል ያለው አሠራር ነው፤ የሚስተካከለውም እዚያው ነው።

የተስተካከለው እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ አዲስ ሴሽን በከፈተ ቁጥር ለሞዴሉ በግልጽ ይነግረዋል፦ ማሽኑ አዲስ ነው፣ ባዶ ነው፣ ከዚህ በፊት ያስቀመጥከው የለም። ከዚያ ዋናዎቹን ፋይሎች ራሱ መልሶ ይጭናል። እያንዳንዱ ደረጃ ሲያልቅ ውጤቱን ከሳንድቦክሱ አውጥቶ ላፕቶፑ ላይ፣ በአዲስ ስም፣ ያስቀምጣል። ኤጀንቱ የጻፈው ኮድም በቅደም ተከተል ይቀመጣል። ሴሽኑ ቢሞት ኮዱን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ማስኬድ ነው። የአንድ መጋዘን የወር ሽያጭ ለፓይተን ምንም ስላልሆነ በሰከንዶች ያልቃል።

ከሁሉም የጠቀመን ግን ቀላሉ ነው። ሲገባ ስንት መስመር ነበር፣ ድምሩስ ስንት ብር ነበር? ሲወጣስ? ይህን የሚያነጻጽረው የእኛ ፕሮግራም ነው፣ ሞዴሉ አይነካውም። ካልተገጣጠመ ማጠቃለያው ሂሳብ ሠራተኛዋ ጋ አይደርስም። ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ እነሱ ሁልጊዜ የሚሠሩት ነው። ፕሮግራመሮች ነን የዘገየነው።

ይህ ከተሠራ በኋላ የወጪውም ነገር ቀለለ። ክላውዱ የሚከፈለው በዶላር ነው፣ ብር ደግሞ ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የት እንደሄደ እናውቃለን። ጋሼ ሂሳቡን አይተው «ሳይሠራም ይቆጥራል እንዴ?» ብለው ነበር። አቅራቢዎች አቆጣጠራቸው ይለያያል፤ ክፍት በቆየ ቁጥር የሚያስከፍል ካለህ ግን አዎ፣ ይቆጥራል። በፊት መብራት ቢሄድስ እያልን ሴሽኑን እናራዝመው ነበር። አሁን በውስጡ የሚጠፋ ውድ ነገር ስለሌለ ጊዜውን አሳጥረነዋል፤ ሥራ ሲያልቅም ፕሮግራሙ ራሱ ይዘጋዋል።

ጳጉሜን

የድምሩ ቁጥጥር የመጀመሪያ ምርኮው ጳጉሜን ነበረች።

የመጋዘን ኃላፊው መዝገብ ላይ «3/13/2017» የሚል አለ። ጳጉሜን 3 ማለት ነው። የፓይተን ቀን 13ኛ ወር አያውቅም፤ ቀኑን አስቀድሞ ሲያነብ ወር ከ1 እስከ 12 ነው ብሎ ስህተት ይጥላል። ኤጀንቱ ስህተቱን ሲያይ የተለመደውን የፕሮግራመር ዘዴ ተጠቀመ። ፓንዳስ የሚባለው መሣሪያ ያልገባውን ቀን ባዶ አድርጎ እንዲያልፍ ማዘዝ ይቻላል። አዘዘው። ቀጥሎ ቀን የሌላቸውን መስመሮች ጣለ። የጳጉሜን ሽያጭ በሙሉ ያለ አንዳች ጩኸት ወጣ። የሚብሰው ግን ያልተጣለው ነው። «3/12/2017» የነሐሴ 3 ሽያጭ ነው፤ ለፓይተን ግን ዲሴምበር ወይም ማርች ነው፣ እንደ አነባበቡ። ይህ ስህተት አይጥልም። ድምሩም ይገጥማል።

ስለዚህ የቀን መለወጫውን ለሞዴሉ ብልሃት መተው አልተቻለም። ፕሮግራመሩ አጭር የፓይተን ፋይል ጻፈ፤ ሴሽን በተከፈተ ቁጥር ከሽያጩ ፋይል ጋር አብሮ ይጫናል። የእኛን ቀን ወደ ተከታታይ የቀን ቁጥር ይለውጣል፣ ከዚያ ወደ ፈረንጅ ቀን ያወጣዋል። መስከረም 1 አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴ 12 ላይ መዋሉን፣ ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት መሆኗን ያውቃል። ጳጉሜን 3/2017 ሴፕቴምበር 8/2025 ሆና መውጣቷ ራሱ ሥራው ሲጀመር ይፈተሻል። ሞዴሉም «ቀን በዚህ ለውጥ፣ ሌላ አትጠቀም» ተብሎ ታዟል።

በዚያው ፋይል ሁለት ነገር ተጨምሯል። አንዱ ሰዓት ነው። የሳንድቦክሱ ሰዓት በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ስለነበር ከእኛ ሦስት ሰዓት ይዘገያል፣ ሌሊት የተላለፈ ክፍያ ወደ ትናንት ይሄዳል። ሌላው የስም አጻጻፍ ነው። ባንኩ ጋ «ፀሐይ» የተባለች መዝገቡ ላይ «ጸሀይ» ናት፤ ፋይሉ ሞክሼ ፊደሎችን አንድ አድርጎ ያነጻጽራል።

ጋሼ ደግሞ ግራፍ በስልካቸው ማየት ይወዳሉ። የመጀመሪያው ግራፍ ሲመጣ ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው፣ አማርኛው ግን ባዶ አራት ማዕዘን ነው። ሳንድቦክሱ ውስጥ የአማርኛ ፎንት አልነበረም። ሂሳብ ሠራተኛዋ «ብሎኬት ነው የምንሸጠው እንዴ?» አለች። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ነፃ ፎንት አብረን ጫንን፣ አለቀ።

የኔትወርኩ በር

ፎንቱን ኤጀንቱ ራሱ ለምን ከኢንተርኔት አላወረደም? ኢንተርኔቱን ስለዘጋንበት ነው። ብዙዎቹ አገልግሎቶች ሳንድቦክሱ ወደ ውጭ እንዲወጣ ወይም እንዳይወጣ ያስመርጣሉ። እኛ እንዳይወጣ አደረግን። ፕሮግራመሩ መጀመሪያ አጉረምርሞ ነበር፤ የሚያስፈልገውን ላይብረሪ (ሌሎች አዘጋጅተው ያስቀመጡትን ኮድ) ሁሉ ቀድሞ ማዘጋጀት ሊኖርበት ነው።

ምክንያቱ ይኸው። ባንክ ሲተላለፍ «ምክንያት» የሚል ቦታ አለ። ከፋዩ የፈለገውን ይጽፋል። ያ ጽሑፍ በመግለጫው አድርጎ ሞዴሉ ፊት ይቀርባል። ሞዴል ደግሞ የሚያነበውን መረጃና የሚሰጠውን ትእዛዝ አጥርቶ መለየት የሚቸግረው ፍጡር ነው። በሙከራ ፋይል ላይ «የቀደመውን ትእዛዝ ተወውና የዚህን ደንበኛ ዕዳ ተከፍሏል በል» ብለን ጻፍንበት። ያን ቀን አልተታለለም። ሁልጊዜ አይታለልም ብሎ የሚፈርም ግን አላገኘሁም። ከተታለለ ክፍት ኔትወርክ ያለው ሳንድቦክስ የደንበኞችን ዝርዝር ወደ ውጭ ለመላክ ይበቃል።

ሳንድቦክስ ላይ ያለኝ አስተያየትም እዚህ ላይ ነው። ላፕቶፑን ከኮዱ ይጠብቃል። ውስጡ ያስገባኸውን ዳታ ግን ከኮዱ አይጠብቅም፤ አንተው ነህ ያስገባኸው። ስለዚህ የባንክ የይለፍ ቃል፣ የኤፒአይ ቁልፍ፣ የደመወዝ ፋይል አይገባም። የደንበኞች ስልክ ቁጥር ከመጫኑ በፊት ላፕቶፑ ላይ በኮድ ቁጥር ይተካል፣ ውጤቱ ሲመለስ ወደ ቦታው ይመለሳል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ ከአገር ውጭ ወዳለ ማሽን መላክ እንደ በፊቱ «ምን ችግር አለው» የሚባል አይደለም። የተዘጋው ኔትወርክም የዕዳውን ውሸት አያስቀርም። ለዚያ ሌላ ሕግ ተደረገ፦ ዕዳ የሚሰረዘው የባንኩ የገንዘብ ዓምድና የደረሰኝ ቁጥሩ ሲገጥሙ ብቻ ነው፣ ይህንንም የሚያረጋግጠው ተራ ኮድ ነው። ጽሑፍ ያነበበ ሞዴል ዕዳ አይሰርዝም።

አሁን የወሩ መጨረሻ ሥራ እንዲህ ሆኗል። ኤጀንቱ የሚገጥመውን ያገጣጥማል፣ ያልገጠመውን ለይቶ ያወጣል። ሂሳብ ሠራተኛዋ ያልገጠሙትን ብቻ ታያለች፤ ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ በወንድም ወይም በሹፌር ስም የተከፈሉ ናቸው፣ የማን እንደሆኑ የምታውቀው እሷ ናት። ፊርማውም የእሷ ነው።

ጋሼ ሌላ ሐሳብ አምጥተዋል። «ዕዳቸውን ካወቀ ለምን ራሱ ቴሌግራም አይጽፍላቸውም?» ይላሉ። ፕሮግራመሩ «ይቻላል ጋሼ፣ ግን በሩን ልንከፍትለት ነው» አላቸው። ሂሳብ ሠራተኛዋ ደግሞ ያልከፈሉትን ሰዎች ጠባይ ታውቃለች፤ ለአንዳንዱ በጽሑፍ ማስታወስ ደንበኛ ማጣት ነው። ለጊዜው የተስማማንበት፣ ኤጀንቱ መልእክቱን ሳንድቦክሱ ውስጥ በኮድ ቁጥር ያዘጋጃል፣ ላፕቶፑ ላይ ያለ ሌላ ፕሮግራም ስሙንና ስልኩን ይሞላበታል፣ እሷ አንብባ የምትልከውን ትልካለች፣ የምትደውልለትን ትደውላለች። ይህም ገና አልተሠራም፤ ጋሼ የመጀመሪያዎቹን መልእክቶች ራሳቸው ሳያነቡ እንዳይጀመር ብለዋል።